አለቃው ረቂቁን ያያል፣ እርማቱን ማን ያየዋል?

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2025 ላይ ሁለት የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ለሠራተኞቻቸው የላኳቸው ደብዳቤዎች አደባባይ ወጡ። አንዱ የካናዳው ሾፒፋይ ነው። ዋና ሥራ አስፈፃሚው ቶቢ ሉትኬ፣ ማንኛውም ክፍል ሰው ይቀጠርልኝ ከማለቱ በፊት ሥራው ለምን በኤአይ (በሰው ሠራሽ አስተውሎት) እንደማይሠራ ያስረዳ አለ። የኤአይ አጠቃቀምም የሥራ አፈጻጸም ግምገማ ውስጥ እንደሚገባ ጻፈ። ሌላው ቋንቋ የሚያስተምረው ዱኦሊንጎ ነው። የእሱ ኃላፊ ሉዊስ ቮን አን፣ ኤአይ ሊሠራው የሚችለውን ሥራ ለኮንትራት ሠራተኞች መስጠት ቀስ በቀስ እናቆማለን አለ። የመተግበሪያው ተጠቃሚዎች ሳይቀሩ ተቆጡ። ብዙም ሳይቆይ ቮን አን ራሱ ወጥቶ፣ ኤአይ ሠራተኞቻችንን ይተካል ብዬ አላስብም፣ ቅጥራችንም ይቀጥላል ሲል ነገሩን አለዘበው።

አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ ደብዳቤ የሚጽፍ አለቃ ብዙም የለም። ትእዛዙ ግን ደርሷል። የሚመጣው በቴሌግራም ነው። «እሱን በቻትጂፒቲ አታደርጊውም እንዴ?» «ይኼ እኮ በኤአይ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው!» በማስታወቂያ፣ በቪዲዮ፣ በሚዲያ ወይም በዲዛይን ሥራ ላይ ያለ ወዳጅ ያለው ሰው ይህን ሮሮ ሳይሰማ አይቀርም። እኔ በየጊዜው እሰማዋለሁ። ሮሮው ከየት እንደሚመጣ በደንብ የተብራራበት ቦታ ግን ብዙ አላየሁም፤ ስለዚህ እዚህ ልሞክር።

ብዙ ጊዜ የሚሰጡት ምክንያቶች ሁለት ናቸው። ወይ «እንጀራቸውን እንዳያጡ ፈርተው ነው» ይባላል፣ ወይ «ለውጥ አይወዱም»። ፍርሃቱ አለ፣ አይካድም። ለውጥ አይወዱም የሚለው ግን ስህተት ነው። ዲዛይነሮች ከፎቶ ላይ ጀርባውን ለማውጣት፣ የጠበበ ምስል ለማስፋት፣ ቪዲዮ ኤዲተሮች ደግሞ ቃለ መጠይቅን ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ ኤአይን መጠቀም ከጀመሩ ቆዩ። ፎቶሾፕ ውስጥ ከ2023 ጀምሮ ምስል የሚፈጥር ኤአይ አለ። ማንም አስገድዷቸው አይደለም የሚጠቀሙበት፤ ሥራ ስላቀለለላቸው ነው። ምሬቱ የሚጀምረው መሣሪያውን መቼና ለምን እንደሚጠቀሙ ሌላ ሰው ሲወስንላቸው ነው። በተለይ ደግሞ የወሰነው ሰው ሌላ ሆኖ፣ ሲበላሽ የሚጠየቁት እነሱ ሲሆኑ።

ያለቀ የሚመስል ጅምር

አንድ ፖስተር እንውሰድ። የእንቁጣጣሽ ነው እንበል። አለቃው ማታ ቤቱ ቁጭ ብሎ ኤአዩን አንድ ምስል አሠራው። ሴትየዋ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ ቡና ታፈላለች። ዙሪያዋን አደይ አበባ ነው። ከላይ «እንኳን አደረሳችሁ» የሚል ጽሑፍ አለ። በስልክ ሲያዩት ያምራል። ወዲያው ለዲዛይነሯ ላከላት። «90 በመቶው አልቋል። ትንሽ አስተካክይውና ጠዋት ለደንበኛው እንላክ።»

ዲዛይነሯ ኮምፒውተሯ ላይ ከፈተችው። አበባው ቢጫ ነው እንጂ አደይ አይደለም፤ መሐሉ የጠቆረ የሱፍ አበባ ነገር ነው። ስኒው ጆሮ አለው። ጀበናው ሁለት አፍ አውጥቷል። የቀሚሱ ጥለት ወገብ ላይ ሌላ ነበር፣ ታች ሲደርስ ሌላ ሆኗል። ጽሑፉ ደግሞ የባሰ ነው። «ን» የመሰለው «ን» አይደለም፣ «ደ» ትርፍ እግር አብቅሏል። ከሩቅ የእኛ ፊደል ይመስላል፤ ጠጋ ሲሉት የሚነበብ ነገር የለውም።

ታዲያ ታስተካክለዋ? አለቃው የማያየው ነገር ያለው እዚህ ጋ ነው። ዲዛይነር በራሷ እጅ የምትሠራው ፋይል ሌየር በሚባሉ ንብርብሮች የተደራረበ ነው። ጽሑፉ ለብቻው፣ ሴትየዋ ለብቻዋ፣ ጀርባው ለብቻው ይቀመጣል። ደንበኛው «ጽሑፉ ትንሽ ከፍ ይበል» ካለ በደቂቃ ያልቃል። ከኤአይ የመጣው ግን ሁሉም የተጣበቀበት አንድ ጠፍጣፋ ምስል ነው። የተበላሸውን ፊደል ላንሳ ብትል ከሥሩ ምንም የለም፤ ጀርባውንም አብራ መሥራት አለባት። ተፈልቶ የቀረበ ቡና ላይ «አቆላሉ ትንሽ ይስተካከል» እንደማለት ነው።

መጠኑም አለ። ምስሉ 1024 በ1024 ፒክስል ነው እንበል። ለጥሩ ኅትመት በሚፈለገው ጥራት፣ ማለትም በኢንች 300 ነጥብ ቢታተም፣ ስፋቱ 9 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። አንድ ሙሉ የኤ4 ገጽ 2480 በ3508 ፒክስል ይፈልጋል። ምስል የሚያሳድጉ ፕሮግራሞች አሉ። ግን የተሳሳተውንም አብረው ያሳድጉታል።

«እንግዲያው ኤአዩን መልሰሽ ጠይቂዋ» ይላል አለቃው። ትጠይቃለች። የስኒው ጆሮ ይጠፋል፤ ሴትየዋ ግን ሌላ ሴት ሆና ትመጣለች። አንድን ቦታ ብቻ ነጥለው የሚያርሙ አዳዲስ መሣሪያዎች መጥተዋል፤ እነሱም ቢሆኑ ያልተነካውን ቦታ ብዙ ጊዜ ትንሽ ይለውጡታል። እኩለ ሌሊት ላይ ዲዛይነሯ ይበቃኛል ብላ ከባዶ ትጀምራለች። ጠዋት ፖስተሩ ለደንበኛው ይሄዳል። አለቃውም ደስ ብሎት «አየሽ፣ በኤአይ በአንድ ሌሊት አለቀ» ይላል። የእሷ ሌሊት የትም አልተመዘገበም።

ድሮ ጅምር ሥራ ጅምር መሆኑ ያስታውቅ ነበር። በእርሳስ የተሞነጫጨረ ወረቀት ያየ ማንም ሰው ገና ብዙ እንደሚቀረው ይገባዋል። አሁን ጅምሩ ራሱ ያለቀ ሥራ መልክ ይዞ ይመጣል። ለሙያተኛው የቀረው ሥራ አይታየውም ብሎ አለቃውን መውቀስ ከባድ ነው፤ በእርግጥም አይታይም። የሚታየው የተቆጠበው ጊዜ ነው። የእርማቱ ጊዜ ግን ተደብቆ ይቀራል፣ የሚሸከመውም ሌላ ሰው ነው።

አለቆች ለምን ይገፋሉ?

ክፉ ስለሆኑ አይደለም። አንደኛው ምክንያት የራሳቸው ሥራ ነው። የአንድ ሥራ አስኪያጅ ቀን ኢሜይል በመመለስ፣ ረጅም ሪፖርት በማሳጠር፣ ቃለ ጉባኤ በማዘጋጀት፣ ስላይድ በመሥራት ያልፋል። ኤአይ ደግሞ በጣም የሚያግዘው እንዲህ ያለውን ሥራ ነው። አለቃው በራሱ ላይ አይቶታል፤ በእውነት ሁለት ሰዓቱ ወደ ሃያ ደቂቃ ወርዶለታል። ስለዚህ የሁሉም ሥራ እንደዚያው ይመስለዋል። የኢሜይል ረቂቅ ግን «በቂ ነው» ከተባለ ያልፋል። ማስታወቂያ «በቂ» ከሆነ ማንም አያየውም፤ ሥራው ከሌላው ሁሉ ተለይቶ መታየት ነው።

ሌላው ገንዘብ ነው። ለኤአዩ መጠቀሚያ ፈቃድ በየወሩ በዶላር ይከፈላል፤ ካልተጠቀሙበት ኪሳራ ነው። ከላይ ያለው ቦርድ «እናንተ በኤአይ ምን ሠራችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። ተፎካካሪው ድርጅት ደግሞ ፌስቡክ ላይ «እኛ በኤአይ እንሠራለን» እያለ ይለጥፋል። በዚህ መሐል ያለ አለቃ የሚቀናው ቁጥር መቁጠር ነው፤ ስንት ሰው ተጠቀመ፣ ስንት ጊዜ ተጠቀመ። ሥራው ተሻሻለ ወይ የሚለው ለመቁጠር ስለሚያስቸግር ይዘለላል።

በሁለቱ ወገኖች መካከል ያለውን ርቀት የሚያሳይ አንድ ጥናት አለ። ፍሪላንሰሮችን (ሳይቀጠሩ በግላቸው የሚሠሩትን) ከአሠሪ ጋር የሚያገናኘው አፕዎርክ በ2024 በአሜሪካ፣ በእንግሊዝ፣ በአውስትራሊያና በካናዳ 2,500 ሰዎችን ጠይቆ ነበር። ከከፍተኛ ኃላፊዎቹ 96 በመቶዎቹ ኤአይ ምርታማነትን ይጨምራል ብለው ይጠብቃሉ። ኤአይ ከሚጠቀሙት ሠራተኞች ደግሞ 77 በመቶዎቹ ሥራ ጨመረብን አሉ። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ነው።

«ሠራተኛ መቼም ያማርራል» የሚል ይኖራል። እሺ፣ በስሜት ሳይሆን በሰዓት የተለካውን እንይ። ሜትር የተባለ የአሜሪካ የምርምር ድርጅት በ2025 ልምድ ያላቸው 16 ፕሮግራመሮችን ይዞ ሥራቸውን በሰዓት ለካ። አንዳንዱን ሥራ በኤአይ፣ አንዳንዱን ያለ ኤአይ ሠሩ። ከመጀመራቸው በፊት ኤአይ በ24 በመቶ ያፈጥነናል ብለው ገመቱ። ከጨረሱ በኋላም በ20 በመቶ አፍጥኖናል አሉ። ሰዓቱ ሲታይ ግን በኤአይ የሠሩት 19 በመቶ የበለጠ ጊዜ ወስዶ ነበር። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ የተሠራውም በፕሮግራመሮች ላይ እንጂ በዲዛይነሮች ላይ አይደለም። እኔን የያዘኝ ሌላ ነገሩ ነው። ራሳቸው የሠሩት ሰዎች እንኳ መዘግየታቸውን አላወቁም። የሚሠራው ሰው እንዲህ ከተሳሳተ፣ ከሩቅ ሆኖ የሚያዘው ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል አስቡት።

የእኛ ቋንቋ ተጨማሪ ዕዳ

በእንግሊዝኛ የሚሠራ ቡድን የሚያየው ችግር እኛ ጋ ይብሳል። ምስል የሚፈጥሩት ኤአዮች የላቲን ፊደል አጻጻፍ ላይ ብዙ ተሻሽለዋል። በግዕዝ ፊደል ግን ዛሬም ብዙ ጊዜ ይወላገዳሉ። ምክንያቱ ምሥጢር አይደለም። የተማሩበት ምስልና ጽሑፍ ውስጥ የእኛ ድርሻ ኢምንት ነው። ሊለዩአቸው የሚገቡ የፊደል ቅርጾች ደግሞ ከሁለት መቶ በላይ ናቸው፤ «ሰ» እና «ሱ» የሚለያዩት በአንዲት ቅጥያ ነው።

ጽሑፉ ላይም ያው ነው። እነዚህ ሞዴሎች ጽሑፍን የሚያነቡት ቶክን ወደሚባሉ ቁርጥራጮች ከፋፍለው ነው። በኮምፒውተር ውስጥ በተለመደው የዩቲኤፍ-8 አሠራር አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ፣ አንድ የአማርኛ ፊደል ሦስት ይይዛል። የቁርጥራጮቹ መዝገብ በአብዛኛው የተሰናዳው በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ላይ ስለሆነ፣ አንድ የአማርኛ ቃል ብዙ ቦታ ተሰባብሮ ይገባል። በቶክን ለሚከፍል ድርጅት ይህ ዋጋም ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው አማርኛ ሰዋስዉ ብዙም ላይሳሳት ይችላል። ግን አንብቡት፦ «የቡና ልምድዎን ወደ ቀጣዩ ደረጃ ያሳድጉ!» የፊደል ስህተት የለበትም። ረከቦት ፊት ተቀምጦ እንዲህ ብሎ የሚናገር ሰው ግን በዚህች አገር አልተወለደም። የማስታወቂያውን ጽሑፍ የምትጽፈው ኮፒራይተር ይህ ሞቶ የተወለደ ዐረፍተ ነገር ነው ስትል፣ አለቃው «ምኑ ላይ ነው ስህተቱ?» ይላታል። ልታሳየው አትችልም። ስህተት ቢሆን ጣቷን ትጠቁም ነበር። ለምን እንደማይሆን ማስረዳቱ አዲስ ከመጻፍ የበለጠ ጊዜ ይወስድባታል፤ ሁለቱንም ማድረግ ግን ግዴታዋ ነው።

ሌላም ነገር አለ፣ ለእኔ ከሁሉም የሚከብደኝ እሱ ነው። ጥሩ ኮፒራይተር ወደ ጥሩው መስመር የሚደርሰው አሥራ አምስት መጥፎ መስመር ጽፎ ነው። ማሰቡ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። አሥራ አምስቱን ኤአይ ጽፎለት «ከነዚህ ምረጥ» ሲባል፣ ያላሰበውን ነገር እንዲያርም ነው የታዘዘው። የ15 ዓመት ልምድ ያለው ሰው ይቋቋመው ይሆናል፤ የቱ እንደማይረባ ያውቃል። ገና ከትምህርት ቤት የወጣችው ልጅስ? የእሷ ትምህርት እነዚያ ትንንሽ ሥራዎች ነበሩ። ሎጎ መቁረጥ፣ ለሶሻል ሚዲያ የሚሆን ባነር ማሰናዳት፣ የሬዲዮ ስፖት የመጀመሪያ ረቂቅ። አሁን «እሱን ኤአይ ይሠራዋል» የሚባለው በትክክል እነሱን ነው። ከዓመታት በኋላ አራሚ የሚሆን ሰው ከየት እንደሚመጣ የሚጠይቅ አለቃ ብዙ አልገጠመኝም።

ሲበላሽ የማን ነው?

ሲኔት የተባለው የአሜሪካ የቴክኖሎጂ ድረ ገጽ ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ በኤአይ የተጻፉ 77 የገንዘብ ነክ ማብራሪያዎችን አወጣ። ለመጻፍ የወሰደው ጊዜ አጭር ነበር። በጃንዋሪ 2023 ነገሩ ሲታወቅ ሁሉም እንደገና ተፈተሹ። 41ዱ እርማት ወጣባቸው፤ የወለድ አሰላል ሳይቀር የተሳሳተበት ነበር። ያን ሁሉ ቁጭ ብለው ያጣሩት ሰዎች ናቸው፤ የተጎዳውም እነሱ የሚሠሩበት ስም ነው።

የባለቤትነቱ ጥያቄም አልተቋጨም። በአሜሪካ የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በማርች 2025፣ የቅጂ መብት እንዲሰጥ የሥራው ደራሲ ሰው መሆን አለበት ብሎ ወስኗል። የአገሪቱ የቅጂ መብት ቢሮም በዚያው ዓመት ጃንዋሪ፣ ለኤአይ ትእዛዝ መጻፍ ብቻውን ደራሲ አያደርግም ብሏል። የእኛም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲ የሚለው ሥራውን በአእምሮው ያመነጨውን ሰው ነው። እንግዲህ ደንበኛው ሎጎ ሲገዛ የራሴ ብቻ ነው ብሎ ነው። ሎጎው እንዳለ ከኤአይ የወጣ ከሆነ፣ ሌላ ሰው ቢገለብጠው በምን ይከላከለዋል? ይህን ለደንበኛው የመንገር ኃላፊነት ያለበት ማን እንደሆነ ብዙ ድርጅት ውስጥ አልተወሰነም።

የሆሊውድ ጸሐፊዎች ምን አደረጉ?

ይህን ጉዳይ ከማንም በላይ በደንብ የቋጩት የአሜሪካ የፊልምና የቴሌቪዥን ጸሐፊዎች ይመስሉኛል። በሜይ 2023 ወደ 11,500 የሚጠጉ ጸሐፊዎች በሙያ ማኅበራቸው አማካይነት ሥራ አቆሙ። ለ148 ቀናት ቆዩ። ደመወዝም ሌላም ጥያቄ ነበራቸው፤ ኤአይ ግን አንዱ ዋና ነጥብ ነበር።

ያገኙትን ስምምነት ሳነብ የገረመኝ ኤአይን አለመከልከላቸው ነው። ጸሐፊው ከፈለገና ኩባንያው ከተስማማ ሊጠቀም ይችላል። ኩባንያው ግን ተጠቀም ብሎ ሊያስገድደው አይችልም። ለጸሐፊ የሚሰጠው ጽሑፍ ከኤአይ የወጣ ከሆነ ኩባንያው አስቀድሞ ማሳወቅ አለበት። ከሁሉም የምወደው የሚቀጥለው ነው። ኩባንያው የኤአይ ረቂቅ ሰጥቶ «ይህን አሻሽልልኝ» ቢል፣ ጸሐፊው እንደ አሻሻይ በዝቅተኛ ዋጋ አይከፈለውም፤ የኤአዩ ጽሑፍ ክፍያ ሲሰላ እንደሌለ ይቆጠራል። ያችን የእንቁጣጣሽ ፖስተር የሠራች ልጅ ይህ አንቀጽ ቢኖራት፣ ሌሊቱ እንደ እርማት ሳይሆን እንደ ሙሉ ሥራ ይታሰብላት ነበር።

እኛ ጋ እንዲህ ያለ ጠንካራ የሙያ ማኅበር የለም፤ አብዛኛው ዲዛይነርና ጸሐፊ ወይ በትንሽ ድርጅት ተቀጥሮ ወይ በፍሪላንስ ነው የሚሠራው። መንገዱ ግን ዝግ አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሉበት ድርጅት ውስጥ የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ይቻላል፤ ማኅበሩም ስለ ሥራ ሁኔታ የኅብረት ስምምነት መደራደር ይችላል። ለብዙዎች ይህ ሩቅ ነው፣ ገብቶኛል።

ቅርብ ያለው ብሪፉ፣ ማለትም ሥራው ሲታዘዝ የሚጻፈው መግለጫ ነው። ሥራ ሲጀመር ሦስት ነገር በጽሑፍ ቢቀመጥ ብዙ ጠብ ይቀንሳል፤ ከኤአይ የሚመጣ ነገር ካለ ከኤአይ መሆኑ ይነገር፣ መሣሪያውን የሚመርጠው ሥራውን የሚሠራው ሰው ይሁን፣ የእርማቱ ሰዓት ከረቂቁ ሰዓት ጎን ይመዝገብ። አለቃ ለሆናችሁም የምለው አለኝ። ለአንድ ወር ይህን ሰዓት አስመዝግቡ። ኤአይ የሚያፈጥነው ሥራ በቁጥር ይወጣላችኋል፤ የሚያዘገየውም እንደዚያው። ምናልባት ትክክል ሆናችሁ ትገኛላችሁ። ያኔ ቡድናችሁን የምታሳምኑበት ነገር በእጃችሁ ይኖራል።

ፍሪላንሰር ከሆናችሁ ደግሞ ዋጋችሁን ከአሁኑ ለዩት። ደንበኛ የኤአይ ምስል ልኮ «ትንሽ አስተካክይልኝ» ካለ፣ ምስሉን እንደ ሐሳብ ማሳያ ተቀብላችሁ የአዲስ ዲዛይን ዋጋ ንገሩት። ይህንንም ቀብድ ከመቀበላችሁ በፊት በጽሑፍ ላኩለት።